የተራቆተን ተራራ ከልሎ ማዳን፦ ከመንደር ስምምነት እስከ ሣር አጨዳ

ተራራ ሲራቆት ጉዳቱ ከግርጌው ያለው መንደር ላይ ያርፋል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሚገታው ስለማያገኝ አፈሩን ጠርጎ ማሳውን በጠጠርና በደለል ይሞላል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ወደ መሬት ሳይሰርግ የቀረው ውሃ ከምንጩ ይጎድላል፤ እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው የሚሄዱበት መንገድም ከዓመት ዓመት ይረዝማል። መድኃኒቱ ለአብዛኛው አርሶ አደር አዲስ አይደለም፤ ተዳፋቱን ከከብትና ከመጥረቢያ ከልሎ ለተወሰኑ ዓመታት ማሳረፍ፣ የዝናቡንም ውሃ በወረደበት ማስረግ ነው። ሆኖም በደስታ የተጀመረ ክልከላ ብዙ ሳይቆይ ሲፈርስ በየቦታው ይታያል። በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ቅደም ተከተሉ መገልበጡ ነው፤ ችግኙና እርከኑ ይቀድማል፣ ከተራራው ማን ምን እንደሚያጣና ማን ምን እንደሚያገኝ መነጋገሩ ይዘገያል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚጀምረው ከምክክሩ ነው።

ድንበር ከመለየቱ በፊት ተራራውን በእግር መዞር ያስፈልጋል። በዚህ ጉዞ ከሽማግሌዎችና ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር እረኞችና ማገዶ ለቃሚ ሴቶችም መኖር አለባቸው፤ ከብቱ በየትኛው ወር የት እንደሚውል፣ የትኛው ሸለቆ ከዝናብ በኋላ እርጥበት ይዞ እንደሚቆይ፣ ደረቅ እንጨት ከየት እንደሚለቀም በትክክል የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ተራራውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መዝጋት አይመከርም። ከምንጩ ወይም ደለል ከሚበዛበት ማሳ በላይ ባለው ተዳፋት መጀመርና ቀሪውን ለግጦሽ መተው፣ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበትንም መንገድ በግልጽ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። መተላለፊያ ያልተተወለት ከብት የተከለለውን ቦታ፣ ማለትም ክልሉን፣ ጥሶ ማለፉ አይቀርም።

ቀጥሎ የሚመጣው መተዳደሪያ ደንቡ ነው፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ከሁሉ በላይ ይህ ሥራ ነው። ደንቡ ክልሉ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት፣ ሣሩ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ደረቅ እንጨት መልቀም የሚፈቀድበትን ቀን፣ ከብቱ ክልሉ ውስጥ የተገኘ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት፣ የዘቡን ደመወዝና ምንጩን በዝርዝር መያዝ አለበት። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ለዚህ ጥሩ አስረጂ ነው። ይህ ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በባለመብቶቹ ስምምነት ሲጠበቅ የኖረ ሲሆን፣ ሣሩ በደንብ እስኪያድግ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን፣ ጓሳ የተባለውን ሣር ማጨድ የሚቻለውም ሲከፈት ብቻ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነባሩ ሥርዓት ቢቋረጥም፣ ማኅበረሰቡ በኋላ በአዲስ መልክ አደራጅቶታል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ። ከጓሳ የምንማረው ነገር፣ ክልከላው የመክፈቻ ቀን ስለነበረው ሰው መታገሥ መቻሉን ነው። መቼ እንደሚከፈት ያልተነገረ ክልል ግን በባለመብቱ ዘንድ እንደተነጠቀ መሬት ይቆጠራል።

ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ተነቦ በቃለ ጉባኤ ከጸደቀ በኋላ አንድ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንድ ቅጂ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የይዞታ ዓይነት ስለሚያውቀው፣ ማኅበረሰቡ ውሎ አድሮ የይዞታ ማረጋገጫ ለመጠየቅ እንዲችል ወረቀቶቹ ከመጀመሪያው በሥርዓት መያዝ አለባቸው።

ለክልከላው የሚከፈለው ዋጋ በሁሉም ቤት እኩል አይደለም። ሰፊ ማሳ ያለው ገበሬ ለከብቱ የሰብል ተረፈ ምርት ያገኛል፤ እንጨት ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናትና መሬት የሌለው ወጣት ግን ተራራው ሲዘጋ የዕለት ገቢያቸውን ያጣሉ። ፍትሕ የሚጠይቀውም ሆነ ክልሉን የሚያዘልቀው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ጥቅም ለእነርሱ መድረስ አለበት። የጥበቃውንና የችግኝ ጣቢያውን ሥራ፣ የንብ ቀፎ ማስቀመጫ ቦታውን፣ ከሣሩም የመጀመሪያውን ድርሻ በደንቡ ውስጥ በግልጽ ለእነርሱ መመደብ ይገባል።

የአፈርና የውሃ ሥራው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይከናወን፤ ሁልጊዜም ከተራራው አናት ተጀምሮ ወደ ታች ይወረድ። እርከንም ሆነ የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ የተራራውን እኩል ከፍታ ተከትሎ ካልተቆፈረ ውሃውን አሰባስቦ ወደ አንድ ወገን ስለሚነዳው ጥፋቱ ካልተሠራው ይብሳል። ልኩን ለማግኘት ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዘንጎችን በ10 ሜትር ሲባጎ ማያያዝና የገመድ ውሃ ልኩን (አረፋ ያለበትን ትንሽ የልክ መሣሪያ) በሲባጎው መካከል ማንጠልጠል ይበቃል። አንደኛው ሰው ዘንጉን ይዞ በቦታው ይቆማል፤ ሁለተኛው ሲባጎውን እንደወጠረ በተዳፋቱ ላይ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሦስተኛው የውሃ ልኩን አረፋ እያየ ይመራዋል። አረፋው መሐል ላይ ሲያርፍ ሁለተኛው በቆመበት ችካል ይተከላል፤ ከዚያም ከአዲሱ ችካል ተነሥቶ ይቀጠላል። በዚህ መስመር ላይ ስፋቱና ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ እያቆራረጡ መቆፈርና አፈሩን በታችኛው ወገን መከመር የተለመደ ነው። የታችኛው ረድፍ ጉድጓድ ከላይኞቹ ሁለት ጉድጓዶች ክፍተት ትይዩ ቢሆን በመካከል ያመለጠው ውሃ ይያዛል። ሣር በደንብ በሸፈነው መሬት ላይ ግን መቆፈር አይገባም፤ ሥሩ የያዘውን አፈር መልሶ ማላላት ይሆናል።

ቦረቦር ካለ በድንጋይ ክትር ይገታ። የክትሩ ሁለት ጫፎች ወደ ግራና ቀኝ ዳርቻው ውስጥ ገብተው መቀበር፣ መካከሉም ከጫፎቹ ዝቅ ማለት አለበት፤ እንዲህ ካልሆነ ጎርፉ ዳርቻውን ቦርቡሮ ክትሩን ዞሮት ያልፋል። የክትሮቹን ርቀት ለመወሰን የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ማድረግ ጥሩ መለኪያ ነው።

ወደ ተከላው ከመሄዳችን በፊት በመሬቱ ውስጥ ያለውን እንይ። ባዶ በሚመስል ተዳፋት ላይ ጎንበስ ብሎ የፈለገ ሰው፣ ከብት እየቀረጠፈው ከጉልበት በታች የቀረ የወይራ፣ የክትክታ ወይም የአጋም ጉቶ ያገኛል። ሥሩ ሕያው ስለሆነ ከንክኪ ሲያርፍ ከማንኛውም አዲስ ችግኝ ፈጥኖ ያድጋል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት በአብዛኛው የለማው በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ከጉቶው ከበቀሉት ብዙ ቅርንጫፎች ቀጥ ያሉና ጠንካራ የሆኑ ጥቂቶች ተመርጠው ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ስለት ባለው መሣሪያ ተቆርጠው ለማገዶ ይወሰዳሉ፣ የቀሩትም ከግማሽ ቁመታቸው በታች ያለው የጎን ቅርንጫፍ ይመለመላል። ይህ በየጥቂት ወሩ ሲደጋገም ለቤተሰቡ ማገዶ ይሆናል፣ ለተራራው ደግሞ ዛፍ። ችግኝ የሚተከለው ጉቶ በሌለበት ክፍተት ብቻ ይሁን፤ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካረሰረሰው በኋላ፣ ችግኙ ያደገበት ፕላስቲክ ተወግዶ ይተከል፤ ለከፍታው የሚስማማ አገር በቀል ዝርያ ይመረጥ። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ስለሚስብ ከምንጭ ዙሪያ መራቅ አለበት።

ሣሩ በመጀመሪያው ክረምት እንኳ ለአጨዳ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የስምምነቱ የመጀመሪያ ፈተና እርሱ ነው። ሣሩ ዘሩን ሳያራግፍ ቢታጨድ የሚቀጥለው ዓመት ምርት ይሳሳል፤ ደርቆ ቢታጨድ ደግሞ ለከብቱ የሚሰጠው ምግብ ይቀንሳል። አስታራቂው መንገድ አብዛኛውን ሲያብብ አጭዶ፣ በየመካከሉ ሳይታጨድ የሚቆይ ሰቅ ለዘር መተው ነው። ማጭዱ ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ የታጨደውም በሰው ሸክም ይውጣ እንጂ አህያ ወደ ክልሉ አይግባ። ቦታውን እኩል ከፋፍሎ በዕጣ መስጠት ጭቅጭቅን ይቀንሳል፤ አቅመ ደካሞች ከዕጣው በፊት ድርሻቸው ይለይላቸው፣ ማጨድ ካልቻሉም ጎረቤት በደቦ ይጨድላቸው።

የልፋቱ ውጤት ይለካ። በትግራይ ክልተ አውላዕሎ የምትገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር እ.ኤ.አ. በ2012 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ያገኘችው ተራራዎቿን ከልላ የከርሰ ምድር ውሃዋን በማጎልበቷና አርሶ አደሮቿም በጉድጓድ ውሃ ማልማት በመቻላቸው ነው። በመንደር ደረጃ ለመለካት 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ለመሙላት የሚፈጀውን ደቂቃ በየዓመቱ በጥርና በሚያዝያ በተመሳሳይ ቀን መዝግቦ መያዝ በቂ ነው። የዝናቡም ሁኔታ አብሮ ይጻፍ፤ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ውሃው ቢቀንስ ክልከላው ከሸፈ ማለት አይደለምና። መዝገቡ ከሣር ክፍፍሉ ስብሰባ በፊት ለጉባኤው ይነበብ፤ ደህና ዝናብ ጥሎ ውሃው ካልጨመረ፣ ክልሉን የሚመራው ኮሚቴ በላይኛው ተዳፋት ያሉት ማስረጊያ ጉድጓዶች በደለል ሞልተው እንደሆነ አይቶ በሚቀጥለው ጥር የማስጠረጊያውን ሥራ ያስቀድም።