አይሶፖድ በቤት ማርባት፦ እርጥበቱን ካስተካከልክ አለቀ

አይሶፖድ ማለት ያ ድንጋይ ስታነሳ ስሩ የምታገኘው ብዙ እግር ያለው ግራጫ ነገር ነው፣ ነፍሳት ይመስላል እንጂ የሸርጣን ዘመድ ነው፣ የሚተነፍሰውም ሆዱ ስር ባሉት እንደ አሳ ስንጥብ በሆኑ ነገሮች ስለሆነ ከደረቀበት ታፍኖ ይሞታል። ግን ሳጥኑን በሙሉ ጭቃ ማድረግም መፍትሄ አይደለም! እኔ መጀመሪያ ላይ ውሃ አብዝቼ ግማሹን ጨርሻቸዋለሁ።

ክዳን ያለው 6 ሊትር አካባቢ የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን በቂ ነው፣ አየር እንዲገባ ጎንና ጎኑን ብሳው። ከስር ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር አፈር (ኬሚካል ማዳበሪያ የሌለበት)፣ የበሰበሰ እንጨት ቀላቅልበት፣ ከላይ የደረቀ ቅጠል በብዛት፤ ቅጠሉ ጌጥ እንዳይመስልህ ዋና ምግባቸው ነው። የባህር ዛፍና የጥድ ቅጠል ግን ተወው፣ ዘይት አለው። አንዱን ጫፍ ብቻ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ አረንጓዴ ተክል) አድርገህበት አርጥበው፣ ሌላው ደረቅ ይሁን፣ የሚመቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ።

ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተህ ጣል አድርግላቸው። ቅርፊታቸውን ሲቀይሩ መጀመሪያ የኋላውን ግማሽ ከዛ የፊቱን ነው፣ ስለዚህ ግማሹ ነጣ ያለ ካየህ አትደንግጥ፣ አልታመመም። ካሮት ወይ ዱባ ትንሽ ቁራጭ ስጣቸው፣ ሳይሻግት አውጣው፣ ስፕሪንግቴይል (አፈር ውስጥ የሚኖሩ በጣም ጥቃቅን ዘላይ ፍጥረታት) ካገኘህ ደግሞ ሻጋታውን እነሱ ይበሉልሃል።

ለጀማሪ ፖርሴሊዮ ስካበር የሚባለው የአይሶፖድ ዝርያ ይሻላል፣ ረበር ዳኪ የሚባለውን ቆንጆ ግን ውድ የሆነውን ዝርያ ለበኋላ አቆየው።