የአጨዳ ሰሞን የጡንቻ ሕመም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ደጋ አጨዳ ሲደራ ወገቡን፣ ጭኑን፣ ትከሻውን ይዞ መድኃኒት ቤት የሚመጣው ሰው ይበዛል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚያሰጋ አይደለም፤ የሚያሰጋው ለማስታገስ ተብሎ የሚደረገው ነው።

ማስታገሻ በባዶ ሆድ መዋጥ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከአጨዳው ጋር ይገጣጠማል። ጿሚው ጠዋት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ውጦ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ፣ ውሃም ሳይጠጣ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ ይውላል። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን ከገዛ አሲዱ የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳሉ፤ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሳይሻለው ሲቀር ጎረቤት የሰጠውን ዳይክሎፌናክ በአይቡፕሮፌኑ ላይ ይደርባል። ስማቸው ይለያይ እንጂ ዘራቸው አንድ ነው፤ የሚደረበው ጉዳቱ ነው። እባካችሁ፣ ምግብ ከበላችሁ በኋላ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ውሰዱ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበትና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያዝ አይንካው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ስለሚችል ሳያድሩ መታየት ነው። በጾም ሰዓት ግድ ካለ ለጤነኛ አዋቂ ፓራሲታሞል ይሻላል፦ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። አረቄ ለሚያዘወትር ግን ይህም መጠን ለጉበት ይበዛል።

አዲስ ጉዳትን ማሸት። ጡንቻው ድንገት ቀጭ ብሎ ካበጠና ከበለዘ ውስጡ ተቀዷል፣ እየደማም ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ወጌሻ ማሸትም ሆነ ትኩስ ጨው ማስደገፍ መድማቱን ያባብሳል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራቴ ያዙበት፤ እግር ከሆነ ከፍ አድርጉት። ሙቀት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በሃይላንድ የምትይዙት ውሃ የፈላ አይሁን፣ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ይተፋል፤ በፎጣ ጠቅልሉት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሳይሰማው ሊቃጠል ስለሚችል ሌላ ሰው በእጁ ይለካለት።

የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ በጭራሽ አይታሽ። የረጋ ደም ከሆነ ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ተኝቶ መክረም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በእግር የወረደ ሰው በማግስቱ ጭኑ አላስነሳ ይለዋል። ቁልቁለት ጡንቻን እየተለጠጠ እንዲሸከም ያስገድደዋል፤ ሕመሙ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ብሶ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ቀስ ብሎ መራመድ ያፍታታዋል። የወገብ ሕመምም አልጋ ላይ በዋሉ ቁጥር ይጠናል።

«መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» ማለት። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ያው የክኒኑ ነው፤ ቂጥ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ግን ነርቭ ነክቶ እግር ሊያሰንፍ ይችላል።

ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ወይም ከወገብ ሕመም ጋር በጭኖች መካከል ከደነዘዘና ሽንት አልታዘዝ ካለ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግቡ።