ያለ ቀዶ ጥገና ፊትን ማጥበቅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስታወት ፊት ቆመው የጉንጭዎን ቆዳ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጆሮዎ ሳብ አድርገው ያውቃሉ? «እንዲህ ብቻ ቢሆንልኝ!» ብለው? እኔ ደጋግሜ አድርጌዋለሁ። ያለ ቢላና ያለ ስፌት ፊትን እናጠብቃለን የሚሉ ሕክምናዎች ሁሉ የሚሸጡት በዚህች ምኞት ነው። መርፌው፣ ሌዘሩ፣ ሙቀት የሚልከው ማሽን፣ ቆዳ የሚልጠው አሲድ። በአግባቡ ከተሠሩ አብዛኞቹ ይሠራሉ። ግን አንዳቸውም ጣትዎ መስታወት ፊት ያደረገውን አያደርጉም። ጣትዎ የሰበሰበው ትርፍ ቆዳ ነው። ትርፍ ቆዳን ቆርጦ የሚያነሳው ደግሞ ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ይህን ልዩነት ካለማወቅ ነው።

ከችግሩ በፊት ማሽኑን መምረጥ

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገረው። ብዙ ሰው ክሊኒክ የሚገባው «ሃይፉ እፈልጋለሁ» ወይም «ቦቶክስ ውጉኝ» ብሎ ነው። ጓደኛው ተሠርቶ አምሮበታል፣ ወይ ቲክቶክ ላይ አይቷል። የት እንዳመመው ሳይናገር መድኃኒት በስም እንደሚያዝ በሽተኛ ማለት ነው።

ነገሩን ለማቅለል ፊት በሦስት መንገድ ያረጃል እንበል። አንደኛው ጡንቻ ነው። ስንስቅ፣ ስንቆጣ፣ ዓይናችንን ስናጠብ ጡንቻው ቆዳውን ያጥፈዋል። ለዓመታት ሲደጋገም እጥፋቱ ምልክት ይተዋል። ሁለተኛው መጉደል ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፣ የፊት አጥንት ራሱ በዕድሜ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጉንጭ ይጎደጉዳል። ሦስተኛው ቆዳው ነው። ቆዳን ወጥረው የሚይዙት ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉ ክሮች ይቀንሳሉ፣ ይበጣጠሳሉ። ቆዳም ይላላል።

ቦቶክስ የሚሠራው በመጀመሪያው ላይ ነው። ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ይዘጋል፤ ጡንቻው ያርፋል፤ እጥፋቱ ይለሰልሳል። ለመጨማደድ መዋሉ የታወቀውም በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካናዳ ቫንኩቨር፣ ጂን ካሩዘርስ የተባሉ የዓይን ሐኪም ያለ ፈቃዱ የሚጨፈን የዓይን ቆብ በዚሁ መድኃኒት ያክሙ ነበር። አንዲት ታካሚያቸው በቅንድቦቿ መካከል ያለው መስመር እንደጠፋላት ነገረቻቸው። ባለቤታቸው አላስቴር ካሩዘርስ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ነበሩ። የቀረውን መገመት አያቅትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለቅንድብ መሃል መስመር የፈቀደው በ2002 ነው።

እንግዲህ የላላ ጉንጭ ይዞ ቦቶክስ የሚጠይቅ ሰው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው። ቦቶክስ ቆዳ አያጠብቅም። ፊለር የሚባለው በመርፌ የሚገባ ጄልም ስሙ እንደሚለው መሙያ ነው፤ የጎደለ ቦታ ይሞላል። የላላ ቆዳን ለመወጠር ብሎ ፊለር በፊለር ላይ መደራረብ ፊትን ያወፍረዋል እንጂ ወጣት አያደርገውም። ያንን እንደ ትራስ የተነፋ ፊት ያላየ የለም።

የቆዳውን መላላት የሚያክሙት ሙቀት የሚጠቀሙት ናቸው፦ አልትራሳውንድና ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ። ሃይፉ የሚባለው አልትራሳውንድ እስከ 4.5 ሚሊሜትር ጥልቀት ድረስ ወርዶ ጥቃቅን ነጥቦችን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያሞቃል። ኮላጅን በዚያ ሙቀት ይኮማተራል። ሰውነት ያንን ትንሽ ጉዳት ሲጠግን ደግሞ አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ ጉዳት። ለዚህም ነው ልክ ሲያልፍ የሚያቃጥለው።

ቤትዎ ሆነው አንድ ነገር ይሞክሩ። ፊትዎን ሙሉ በሙሉ ያሳርፉ። መስመሩ ሲኮሳተሩ ብቻ ከታየ ጉዳዩ የጡንቻ ነው። ፊትዎ አርፎም ከታየ እጥፋቱ ቆዳው ላይ ተጽፏል፤ ቦቶክስ ብቻውን አያጠፋውም። ቀጥሎ በጀርባዎ ተኝተው መስታወቱን ከላይ ይያዙ። ተኝተው ሲያዩት ፊትዎ ከቆሙበት ጊዜ በጣም የተሻለ ከሆነ ዋናው ችግር መላላት ነው። ይሄ ምርመራን አይተካም። ሐኪሙ ጋ ሲገቡ ግን የማሽን ስም ከመጥራት ይልቅ «ይሄ ነው የሚያሳስበኝ» ብለው በጣትዎ ለማሳየት ይረዳዎታል።

የቆዳን ቀለም እንደ ተራ ነገር ማየት

ጠይም ወይም ጥቁር ከሆኑ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ብዙ ሌዘሮችና አይፒኤል የሚባለው የብርሃን ሕክምና ለቆዳ ቀለም ከሚሰጠው ከሜላኒን ጋር ይጋጫሉ። ሜላኒን ብርሃን ይመጥጣል። ወደ ጥልቅ እንዲገባ የታሰበው ኃይል ላይ ላዩን ይቀርና ቆዳውን ያቃጥላል። ቃጠሎው ሲድን ቦታው ለወራት ይጠቁራል፤ አንዳንዴም ይነጣል። መጨማደድ ሊያጠፉ ገብተው ማድያት የመሰለ ጥቁረት ይዘው መውጣት ማለት ነው። ጥቁረቱን ማከም ደግሞ ከመጨማደዱ ይብሳል።

ሐኪሞች ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ በስድስት ይመድቡታል። መለኪያውን ያወጡት ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባሉ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ናቸው፤ በ1975። መጀመሪያ ሲወጣ ግን ለነጭ ቆዳ ብቻ የተዘጋጀ ነበር። ጠይምና ጥቁር ቆዳን የያዙት 5ኛውና 6ኛው መደብ የተጨመሩት በኋላ ነው። ጥቁር ቆዳ በዚህ ሙያ ውስጥ ከመጀመሪያው ታስቦበት እንዳልነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ታዲያ ምንም አይሠሩ ማለቴ አይደለም። አልትራሳውንድ፣ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲና ማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት) ሜላኒንን አይፈልጉም፤ ስለዚህ ለጥቁር ቆዳ ይሻላሉ። ከሌዘርም ቢሆን 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ከሌሎቹ ይልቅ ሜላኒንን አልፎ ይገባል። ጥልቅ ኬሚካል ፒል (ቆዳ የሚልጠው አሲድ) እና ጠንካራ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ግን ለጥቁር ቆዳ አደጋቸው ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙን «በእኔ ዓይነት ቆዳ ላይ የሠሩትን ያሳዩኝ» ይበሉት። ከጆሮ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ እንዲሞክሩልዎና ጥቂት ሳምንት ጠብቀው እንዲያዩት ይጠይቁ። ቅር የሚለው ከሆነ ቦርሳዎን ይዘው ይውጡ።

መርፌውን ማን እንደሚይዝ አለመጠየቅ

ፊለር ቅንድብ እንደ መሠራት ቀላል ነገር ሆኖ መታየቱ ያስገርመኛል። መርፌው የደም ሥር ውስጥ ከገባ ጄሉ ሥሩን ይዘጋዋል። ደም ያጣ ቆዳ ይሞታል። ነገሩ ወደ ዓይን የሚሄደው የደም ሥር ላይ ከደረሰ ዕውርነት ያመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም ደርሷል። በተለይ በቅንድብ መካከል ያለው ቦታና አፍንጫ አደገኞች ናቸው።

ሃያሉሮኒክ አሲድ የሆነ ፊለር አንድ ጥሩ ነገር አለው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ማሟሟያ መርፌ አለው። ችግር ሲፈጠር በፍጥነት ተወግቶ ጄሉን ያሟሟዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ፊለሩ ምንድን ነው?» ይሁን፤ ሁለተኛው «ማሟሟያው እዚህ ክፍል ውስጥ አለ?»። ከካልሲየም የተሠሩና ሌሎች ኮላጅን የሚያነቃቁ ፊለሮች በዚህ መርፌ አይሟሙም። ከተወጉ በኋላ ቦታው ከነጣ፣ እንደ መረብ ከወየበ፣ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ወይም ዓይንዎ ከደበዘዘ «ነገ ይሻለኛል» ብለው አይተኙ። ያን ሰዓት ደቂቃ ዋጋ አለው።

ሳሎን ቤት ውስጥ፣ ጓደኛ ቤት ሶፋ ላይ፣ ከኢንተርኔት በታዘዘ ጠርሙስ የሚወጉም አሉ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ፈቃድ በሌለው አንድ ስፓ ውስጥ ከራስ ደም በሚዘጋጅ ፈሳሽ ፊታቸውን በመርፌ የተሠሩ ሴቶች በኤችአይቪ ተይዘዋል። ምርመራው በ2018 ተጀምሮ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዘገባውን ያወጣው በ2024 ነው። መርፌ የሌለው፣ ፊለርን በግፊት የሚያስገባው ሃያሉሮን ፔን የተባለው ዕቃም አይሸውድዎ። በ2021 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዳይጠቀሙበት አስጠንቅቋል። መርፌ የለውም ማለት የደም ሥር አያገኝም ማለት አይደለም።

ሐኪሙ ሳይጠይቅ ዝም ማለት

አፍሮ የሚደብቅ አለ፤ ረስቶ የሚተው አለ። እርጉዝ ወይም አጥቢ ከሆኑ ይናገሩ፤ ቦቶክስም ፊለርም ይቆያሉ። ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ካለ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ለእርስዎ አይሆንም። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ ድካም በሽታ ካለብዎ ቦቶክስ አደገኛ ነው። ቁስልዎ ሲድን አብጦ የሚቀር ጠባሳ (ኬሎይድ) ከሆነ መጥቀስ አለብዎት። ከንፈርዎ ላይ ምች የሚወጣብዎ ከሆነም እንዲሁ፤ ሌዘርና ፒል ይቀሰቅሱታል፣ ሐኪሙም አስቀድሞ መከላከያ ክኒን ሊያዝልዎ ይችላል። ለቡጉር አይሶትሬቲኖይን የወሰዱ ከሆነ መቼ እንዳቆሙ ይንገሩት። ፊት የሚያቀላ ክሬም ለረጅም ጊዜ ተቀብተው ከነበረም አይደብቁ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ስቴሮይድ ደግሞ ቆዳን ያሳሳል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱ ከሆነ ለመበለዝ ፈርተው በራስዎ አያቁሙ። ብላዙ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል።

በሁለት ሳምንት ተስፋ መቁረጥ፣ ወይም በሁለት ሳምንት መድገም

ቦቶክስ ከቀናት በኋላ ይጀምርና ሙሉ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይታያል። የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ወር ነው። በአምስተኛው ቀን «አልያዘኝም» ብሎ ሌላ ቦታ ሄዶ ማስጨመር የቅንድብ መውደቅን ይጋብዛል። በየወሩ መደጋገም ደግሞ ሰውነት መድኃኒቱን እንዲለምድና እንዲያከሽፈው ሊያደርግ ይችላል። በነገራችን ላይ የቦቶክስ ዩኒትና የሌላ ብራንድ ዩኒት አንድ አይደሉም። «እዚያ 20 ነው የወጉኝ፣ እዚህ 50» ብሎ መደንገጥ ትርጉም የለውም።

ሙቀት የሚጠቀሙት ማሽኖች ከዚያም ይዘገያሉ። ኮላጅን በአንድ ሌሊት አይሠራም፤ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ከማሽኑ እንደወጡ የሚያዩት ጥብቅ ያለ ፊት አብዛኛው እብጠት ነው። ክሊኒኩ «በፊትና በኋላ» ብሎ ፎቶ የሚያነሳው በዚያች ሰዓት ከሆነ ፈገግ ብለው ይለፉት። ራስዎ ያንሱ፦ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ ሳይስቁ፣ ከሕክምናው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ። ያለ ፎቶ የራስን ፊት መዳኘት አይቻልም፤ በየቀኑ ስለምናየው እንለምደዋለን።

ቀጭን ፊት ያላቸው ሰዎች ደግሞ ድግግሞሹን ይፍሩት። ኃይለኛ ሙቀት የፊትን ስብ ያሟሟል። ጉንጩ ቀድሞውንም ለጎደለ ሰው ይሄ ማርጀት ነው።

ፀሐይን ረስቶ ማሽን ማሳደድ

በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት መኪና ያሽከረከሩ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አወጣ። በመስኮት በኩል ያለው ግራ ጉንጫቸው እንደ ታረሰ መሬት ተጨማዷል። የቀኙ ግን ደህና ነው። አንድ ሰው፣ ሁለት ዕድሜ። ቆዳን የሚያስረጀው የፀሐይ ጨረር መስታወት ያልፋል።

ከዚያ በኋላ በ2013 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት አለ። 903 ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለዋል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች የቆዳቸው እርጅና እንዳሻቸው ከሚቀቡት 24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማሽን የለም፣ መርፌ የለም። ክሬም ብቻ። የመከላከል ቁጥሩ (ኤስፒኤፍ) ቢያንስ 30 የሆነ ይምረጡ፤ ውጭ ሲውሉ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ጥቁር ቆዳ የተሻለ መከላከያ አለው፣ ግን አይበቃውም። ሌዘር ወይም ፒል ከተሠሩ በኋላ ደግሞ ያለ ክሬም ፀሐይ ላይ መውጣት ያንን የፈሩትን ጥቁረት መጥራት ነው።

ማታ ማታ ሬቲኖይድ (የቫይታሚን ኤ ዘር የሆነ ክሬም) መቀባትም ለቀጭን መስመሮች ማስረጃ ያለው ነገር ነው። የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ይጀምሩ፤ ወራት ይስጡት። በእርግዝና ግን አይነካም።

«ለእርስዎ አይሆንም» የሚልን ሐኪም መሸሽ

ወደዚያች ጣት ልመልስዎ። ቆዳዎን ወደ ጆሮዎ ሲስቡት በጣትዎ ሥር በደንብ የሚቆነጠጥ እጥፋት ከተሰበሰበ፣ አንገትዎም ከተንጠለጠለ፣ ማሽን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ሐቀኛ ሐኪም ይህን ፊት ለፊት ይነግርዎታል፦ «ወይ ቀዶ ጥገና፣ ወይ እንዳለ ይተዉት።» ብዙ ሰው ቅር ብሎት ይወጣና «እንሠራልዎታለን» ወደሚለው ክሊኒክ ይሄዳል። ስድስት ዙር ሃይፉ ከፍሎ፣ ፎቶውን አስተያይቶ፣ በመጨረሻ ተመልሶ የሚቀመጠው እዚያው የመጀመሪያው ሐኪም በር ላይ ነው።