ሬይዱ አንድ ዲስክ ሲጎድለው፦ ከመንቀላችሁ በፊት

አዳማ ውስጥ የአንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር የምከታተለው እኔ ነኝ። የሠርግ ቪዲዮ የሚቀመጥበት የሊኑክስ ማሽን ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 1 ተጣምረዋል፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። በዚህ ማሽን የገጠመኝን ላካፍላችሁ።

ምልክት፦ ሁሉም ይሠራል፣ ግን አንድ ዲስክ ወጥቷል

መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ተነሳ፣ ፋይሎቹም ተከፈቱ። የሬይዱን ሁኔታ የሚያሳየውን፣ ፕሮክ ውስጥ ያለውን ኤምዲስታት ፋይል ሳይ ግን ለሁለቱ ዲስኮች ሁለት የዩ (U) ፊደሎች መኖር ሲገባቸው አንዱ ብቻ ቀርቷል። በሌላው ቦታ ሰረዝ አለ። ያ ሰረዝ የወጣው ዲስክ ነው።

መንስኤው

ሰው ሁሉ ቶሎ "ዲስኩ ተቃጠለ" ይላል። ቆይ! መጀመሪያ ስማርትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ የዲስኩን የጤና መዝገብ አንብቡ። መዝገቡ ላይ 5 ቁጥር የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች)፣ 197 ቁጥር ደግሞ ማንበብ ያቃታቸውን ይቆጥራል። እነዚህ እየጨመሩ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው። እነሱ ዜሮ ሆነው 199 ቁጥር ብቻ ካደገ ግን መረጃው የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው፤ ዲስኩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ጠርጥሩ።

እኔም የገጠመኝ ይኸው ነው። ክዳኑን ስከፍት ውስጡ አቧራ ለብሷል። የገመዱን ጫፍ በጣቴ ነካ ሳደርገው ተወዛወዘ። ባለቤቱ ለአዲስ ዲስክ አዲስ አበባ ሊሄዱ ተነስተው ነበር። "ጋሼ፣ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ ገመድ ብቻ ይግዙ" አልኳቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 199 ቁጥር ገመድ ስለተቀየረ ወደ ዜሮ አይመለስም። ከቅያሬው በኋላ የምታዩት መጨመር ማቆሙን ነው።

መፍትሄው

ገመድ ከሆነ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ ቀይሩና ሬይዱን በሚያስተዳድረው ትእዛዝ፣ በኤምዲአድም፣ ዲስኩን "ሪ-አድ" በሉት። ሬይዱ ቢትማፕ (የተለወጠውን ቦታ የሚይዝ መዝገብ) ካለው የሚቀዳው በመሃል የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ከሌለው "አድ" ብላችሁ ሙሉውን ታስቀዳላችሁ። 4 ቴራባይት በሴኮንድ 150 ሜጋባይት እየሄደ እንኳ ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ዲስኩ ራሱ ከሞተ፣ "ፌይል"፣ ቀጥሎ "ሪሙቭ"፣ አዲሱን ገጥማችሁ "አድ"። ከመንቀላችሁ በፊት ግን የሲሪያል ቁጥሩን ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩ። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየሩ ስለሚችሉ አትመኑባቸው። ጤነኛውን ከነቀላችሁ ሬይዱ እዚያው ይቆማል። አዲሱ ደግሞ ሬይዱ ከሚጠቀምበት መጠን በትንሹም ቢያንስ አይገባም። ስለዚህ ገና ስትሠሩት ፓርቲሽኑን (ለሬይዱ የሚከለለውን የዲስክ ክፍል) ከዲስኩ 100 ሜጋባይት ያህል አሳንሱት።

እባካችሁ፣ ሬይዱ አልነሳም ሲላችሁ ደንግጣችሁ "ክሪኤት" አትጻፉ። የዲስኮቹ ተራ ወይም አንዲት ቅንብር ብትሳሳት የሰው ሠርግ ድራሹ ይጠፋል። የሚያስፈልጋችሁ "አሴምብል" ነው። እሱ የነበረውን ሰብስቦ ያነሳል እንጂ አዲስ አይፈጥርም።

ምልክት፦ የሬይዱ ስም ኤምዲ0 የነበረው ኤምዲ127 ሆነ

መረጃው አልተነካም። ማሽኑ ሲነሳ የሬይዱን ስም የሚያነብበት ፋይል ውስጥ ስላላገኘው ነው። የኤምዲአድምን "ዲቴይል ስካን" ውጤት ኤምዲአድም ኮንፍ በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ጨምሩ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ከዚያ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭነውን ኢኒትራምኤፍኤስ አድሱ። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ምልክት፦ ቅጂው ይንቀራፈፋል

ሰው እየሠራበት ከሆነ ሊኑክስ ቅጂውን ይይዘዋል። ዝቅተኛው ፍጥነት ካልተነካ በሴኮንድ 1000 ኪሎባይት ነው። ሱቁ ሲዘጋ "ስፒድ ሊሚት ሚን"ን ወደ 50000 ከፍ አድርጉት፣ ጠዋት መልሱት።

ምልክት፦ ሰረዙ መቼ እንደመጣ የሚያውቅ የለም

ይሄ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ሎጉን ወደ ኋላ ሳይ ዲስኩ ከወጣ 19 ቀን ሆኖታል። በእነዚያ ቀናት የተቀረጸው ሠርግ ሁሉ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ለማን እንደሚናገር አልተነገረውም። ኤምዲአድም ኮንፍ ውስጥ "ሜይልአድር" በሚለው መስመር ኢሜይላችሁን አስገቡ። ኢሜይል የማታዩ ከሆነ "ፕሮግራም" በሚለው መስመር ቴሌግራም የሚልክ አጭር ስክሪፕት ማስጠራት ይቻላል። ከዚያ የኤምዲአድምን ተቆጣጣሪ ("ሞኒተር") በ"ቴስት" አስነሱና ስልካችሁን ያዙ። መልእክቱ እስኪገባ ድረስ ከዚያ ቤት አትውጡ።