ወላጅ ሳያውቅ ይሆናል? ከ18 ዓመት በታች ሆና ላረገዘች ልጅ

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አዎ፣ ይሆናል። በኢትዮጵያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ጽንስ ለማቋረጥ ስትሄድ እናቷን ወይም አባቷን ይዛ እንድትመጣ አትገደድም። ይህን የምጽፈው እዚህ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ "ወላጅ ያስፈርማሉ" የሚል ወሬ ሰምተው፣ ለማንም ሳይናገሩ ሆዳቸው እየገፋ የቆዩ ልጆች ስላየሁ ነው። መቆየቱ ነው አደጋው።

ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቲክቶክ ላይ የምታዪው የወላጅ ፈቃድ ነገር አብዛኛው የአሜሪካ ነው። እዚያ ብዙ ግዛቶች ወላጅ እንዲያውቅ ወይም እንዲፈቅድ ያስገድዳሉ፤ ለወላጇ መንገር የማትችል ልጅ ዳኛ ፊት ቀርባ የምትጠይቅባቸው ግዛቶችም አሉ። እኛ ጋ እንደዚያ የለም።

የእኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 551 ነው። ውርጃ እንዲሁ በደፈናው አልተፈቀደም። የማያስቀጣባቸው ሁኔታዎች ግን ተዘርዝረዋል። መደፈር አለ፣ ከቅርብ ዘመድ ማርገዝ አለ፣ ለእናትየው ሕይወት ወይም ጤና አስጊ መሆን አለ፣ የማይድን ከባድ የጽንስ ችግር አለ። አንቺን የሚመለከትሽ ደግሞ፣ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ያልተዘጋጀች የሚለው ነው። በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ዕድሜሽን አንቺ የተናገርሽው ይበቃል። የልደት ሰርተፍኬት፣ መታወቂያ አምጪ አትባዪም። ተደፍረሽ ከሆነም ቃልሽ በቂ ነው፤ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሂጂ ሊሉሽ አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው። የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ፈልጊና ከዚያ ጀምረሽ ሳምንቱን ቁጠሪ። 12 ሳምንት ካልሞላ ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይልኩሻል። በሥራ ቀን፣ በጠዋት ሂጂ። ሰፈርሽ ያለው ጤና ጣቢያ ሰው ያውቀኛል ብለሽ ከፈራሽ ታክሲ ይዘሽ ሌላ ክፍለ ከተማ መሄድ ትችያለሽ። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒኮችም አሉ።

ካርድ ክፍል ላይ ተጠንቀቂ። አምና አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ሰልፉ ሁሉ እየሰማ "ምን ሆነሽ ነው?" አለቻት። ልጅቷ የዩኒፎርሟን ሹራብ ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ ይዛለች፤ ፌስታሉን እያሻሸች ዝም አለች። "በይ እናትሽን ይዘሽ ነይ" ተባለች። ዞራ ልትወጣ ስትል ነው እጇን የያዝኳት። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ያን ቀን ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ተመልሳ አትመጣም ነበር። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ጉዳይሽን አትዘርዝሪ። "የሴቶች ምርመራ ነው" በያት፣ በቃ። ስልክ ስትጠየቂ ራስሽ የምታነሺውን ቁጥር ስጪ፣ የእናትሽን አይደለም።

ክፍል ውስጥ ከገባሽ በኋላ ግን አትደብቂ። ለሲስተሯ ዕድሜሽን፣ ስንት ሳምንት እንደሆነሽ፣ ያለብሽን በሽታ፣ የወሰድሽው መድኃኒት ካለም ንገሪያት። ያስገደደሽ ሰው ካለ ይህንንም ንገሪያት። "እኔ ይሄን አልሠራም" ካለችሽ አትጨቃጨቂ፤ ማን እንደሚሠራና የት እንደሆነ ጠይቂያት።

ሕጉ ወላጅ አያስገድድም ማለት ብቻሽን ሁኚ ማለት አይደለም። አክስት፣ ታላቅ እህት፣ የምታምኛት አስተማሪ፣ አንድ ትልቅ ሰው ይኑርሽ። እናትሽ ተቆጥታ ኋላ የምታቅፍሽ ዓይነት ከሆነች ለእሷ ብትነግሪያት ደስ ይለኛል። ቤት ውስጥ የሚደበድብሽ ካለ ግን፣ ወይም ያስረገዘሽ የቤት ሰው ከሆነ፣ የምትነግሪውን ሰው ከዚያ ቤት ውጪ ፈልጊ።

የተደፈርሽው በእነዚህ ቀናት ከሆነ እርግዝናውን ለማየት ወር አትጠብቂ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውም የሕግ ድጋፉም በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለ።

ጓደኛሽ ከሰፈር ያመጣችልሽን ኪኒን ያለ ምርመራ አትዋጪ። ቅጠል የሚያጠጡ፣ በማህፀን ነገር የሚያስገቡ ሰዎች ጋ በጭራሽ እንዳትሄጂ፤ ይገድላል። አድርገሽው ከሆነም ሳትፈሪ ሐኪም ቤት ግቢ፣ ሊያክሙሽ ግዴታ አለባቸው።

ከሕክምናው በኋላ ደሙ በሰዓት 2 ሞዴስ እየሞላ ለ2 ሰዓት ያህል ከቀጠለ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ ወይም ሆድሽን አሞሽ አላስቆም ካለሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ስትወጪ ስለ እርግዝና መከላከያም ጠይቂ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ እንደገና ማርገዝ ይቻላልና። መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም ያለ ወላጅ ፊርማ ነው የሚሰጠው።