ትንሽ ቡሊ ከመግዛትዎ በፊት ትንፋሹን ያዳምጡ

«ፖኬት»፣ «ማይክሮ»፣ «ሚኒ ቡሊ» እየተባለ የሚሸጠው ቡችላ ሁሉ አንድ ዓይነት ውሻ አይደለም። ፖኬት «አሜሪካን ቡሊ» የሚባለው የውሻ ዝርያ አንዱ መጠን ነው። ዝርያውን የሚመዘግበው የአሜሪካው ኤቢኬሲ ለወንዱ ከ14 እስከ 17 ኢንች፣ ለሴቷ ከ13 እስከ 16 ኢንች ቁመት አስቀምጧል፤ የሚለካውም ከመሬት እስከ ትከሻ ነው። «ማይክሮ» የሚባል መጠን ግን እዚያ መዝገብ ውስጥ የለም፤ ሻጮች ያወጡት ስም ነው። ያን ያህል አጭር ውሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቡሊን ከፈረንሣይ ቡልዶግ ወይም ከሌላ አጭር ዝርያ ጋር በማዳቀል ነው። ስለዚህ ሻጩን የቡችላውን መጠን ሳይሆን እናትና አባቱ ምንና ምን እንደሆኑ ይጠይቁት።

ትንሽነቱ በቁመት ብቻ መሆኑንም አይርሱ። ጉልበት የማይደርስ ፖኬት ከ20 ኪሎ በላይ ቢመዝን ብርቅ አይደለም። አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ውሻው በታመመ ቀን ተሸክሞት እንደሚወርድ ያስብ።

ዋናው ጉዳይ አፍንጫው ነው። በእርባታ ፊቱ ሲያጥር በውስጡ ያለው የላንቃ ሥጋ በዚያው ልክ አያጥርም። ትርፉ ሥጋ የጉሮሮን መተላለፊያ ይዘጋል፣ የአፍንጫ ቀዳዳም ይጠባል። «ሲያንኮራፋ እንዴት ያምራል» የሚባለው ውሻ እየታፈነ ያለ ውሻ ነው። ችግሩ በሁለት ወር ቡችላ ላይ በደንብ ላይታይ ይችላል፤ እያደገና እየወፈረ ሲሄድ ነው የሚብሰው። ለዚህ ነው ቡችላውን ከማየት በፊት ወላጆቹን ማየት የሚያስፈልገው።

ምርመራው ቀላል ነው። እናቲቱን በቀዝቃዛ ሰዓት ሦስት ደቂቃ በሶምሶማ ያስሩጧት፤ የእንግሊዝ የእንስሳት ሐኪሞች የአጭር አፍንጫ ውሾችን ትንፋሽ ሲመዝኑም የሚያስሮጡት ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ጉሮሮዋ አካባቢ ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡ። ጤነኛ ውሻ ያለከልካል እንጂ አያንኮራፋም፣ አያፏጭም። ከሩጫ በኋላ ነጭ አረፋ ካስመለሳት፣ ምላሷ ከሮዝነት ወደ ወይን ጠጅ ከተለወጠ ወይም ትንፋሿ ቶሎ ካልሰከነ ቡችላዋን አይግዙ። የአፍንጫ ቀዳዳዋንም ከፊት ለፊት ይመልከቱ፤ ክፍት መሆን አለበት፣ እንደ ቀጭን መስመር ከተዘጋ ችግር አለ። ሻጩ ሩቅ ከሆነ ቪዲዮ ይላክልዎ፤ ሙዚቃ የተደረበበትን ግን አይቀበሉ፤ ሊሰሙት የሚገባው ድምፅ ያ ሙዚቃ የሸፈነው ነው።

ቀለምም ገንዘብ ያስወጣል። መርል የሚባለው ዝንጉርጉር ቀለም «ብርቅ» ተብሎ ዋጋው ሲሰቀል ይታያል፤ ኤቢኬሲ ግን መርልን ከውድድር ውጪ ያደርጋል። ሁለት መርል ተዳቅለው የሚወለድ ቡችላ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሊሆን ይችላል። ግራጫው፣ «ብሉ» የሚሉት፣ አንዳንዴ ፀጉሩ እየሳሳ ይሄዳል። ለቀለም ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈል የወላጆቹን የዳሌና የጉልበት ምርመራ ውጤት መጠየቅ ይሻላል።

ሕጉን ቡችላው ቤት ሳይገባ ያጣሩ። በእንግሊዝና በዌልስ በፈረንጆች አቆጣጠር ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትልቁን የቡሊ ዓይነት፣ ኤክስ ኤል ቡሊን፣ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። መለኪያው ወንዱ ከ51፣ ሴቷ ከ48 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ በመሆኑ ፖኬት በቁመቱ ከዚያ በታች ነው። ነገር ግን ወላጆቹ ያልታወቁ ድቅል ሲያድግ ስንት እንደሚደርስ ማንም ዋስትና አይሰጥዎትም። ጀርመን ፒትቡልን፣ አሜሪካን ስታፎርድሻየርን (አምስታፍ የሚሉትን፤ ቡሊ የተገኘው ከነዚህ ከሁለቱ ነው)፣ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየርንና ቡል ቴሪየርን፣ ድቅሎቻቸውንም ጭምር፣ ወደ አገር ማስገባት ከልክላለች። እስራኤልም ፒትቡልንና አምስታፍን በአደገኛ ውሾች ዝርዝር ውስጥ አስገብታቸዋለች። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከከተማው ሕግ በፊት የቤት ኪራይ ውላችሁንና የቤት ኢንሹራንሳችሁን አንብቡ፤ ብዙዎቹ አፓርትመንቶች «ቡሊ» የሚለውን ቃል ሲያዩ ቁመቱን አይጠይቁም።

ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ጠላቱ ሙቀት ነው። ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ስለሆነ አየር የሚጠበው ውሻ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። አዳማም ሆነ ድሬዳዋ፣ ቴክሳስም ሆነ ዱባይ፣ የእግር ጉዞው ማለዳና ማታ ይሁን፤ የአንገት ማሰሪያ ጉሮሮውን ስለሚጫን የደረት ማሰሪያ ይጠቀሙ። ከልክ በላይ ካለከለከና ከተንገዳገደ ወዲያው መላ ሰውነቱን ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ በማራገቢያ ያናፍሱት፤ ወደ ሐኪም የሚሄዱት ማቀዝቀዝ ከጀመሩ በኋላ ነው። ደረቅ ሰውነቱን በእርጥብ ፎጣ ሸፍኖ መተው ሙቀቱን ያፍነዋል።

ምግብ ላይ የኛ ቤት የራሱ አደጋ አለው። ከዶሮ ወጥ የተረፈ አጥንት ሲሰነጠቅ አንጀት ይወጋል፣ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ከቄራ የመጣ ጥሬ ሳንባና ጉበትም አይስጡት፤ በውስጡ ውኃ የያዘ ከረጢት ካለበት ውሻው የሚያገኘው ትል በዓይነ ምድሩ በኩል ወደ ቤተሰቡ ይተላለፋል። ሐኪሙ የትል መድኃኒት ሲሰጥ ፕራዚኳንቴል እንዳለበት ይጠይቁ። ውፍረት ሌላው ችግር ነው፤ የጎን አጥንቱ በዓይን ሳይታይ በእጅ ሲዳሰስ መቆጠር አለበት። የፊቱን እጥፋት በየሁለት ሦስት ቀኑ ጠርገው ያድርቁ፣ ርጥብ ከቀረ ይሸታል፣ ይቆስላል።

ቡችላው ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይ። ብዙ በሽታን በአንድ መርፌ የሚከላከለው የጋራ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይጀመርና እስከ 16 ሳምንቱ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል። ውሻ ይዞ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ለመግባት ያሰበ ሰው ደግሞ ከ2024 ኦገስት ወዲህ ውሻው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮችፕ ያለው መሆን እንዳለበት ይወቅ።

ሴት ቡችላ የምትገዙት እርባታ አስባችሁ ከሆነ ሒሳቡን ደግማችሁ ሥሩ። ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ዳሌያቸው ጠባብ ስለሆነ ብዙዎቹ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወልዱት። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ቡሊ የሚሆነው አይደለም፤ ለሰው ጓደኝነት የተራባ በመሆኑ እንግዳ ሲመጣ ጭራውን ሊቆላ ይችላል። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ቡችላውን በተረከቡ በ72 ሰዓት ውስጥ የራስዎ ሐኪም አይቶ ችግር ካገኘ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ይፈልጉ።