የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገሮችን እንዴት ትይዛላችሁ?

ፈሊጥ ስትሰሙ ቃል በቃል አትፍቱት። እኛ «ሆደ ሰፊ» ስንል ስለ ሆድ ስፋት እንደማናወራ ሁሉ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪም «ስፒል ዘ ቢንስ» ሲል ባቄላ ደፋ ማለቱ ሳይሆን ምስጢር ዘከዘከ ማለቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማን፣ ለማን፣ የት እንዳለው እዩ።

አለቃችሁ አመሻሹ ላይ «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» ካለ ለዛሬ ይብቃን ነው፤ ዕቃችሁን ሰብስቡ። «አንደር ዘ ዌዘር» ትንሽ አሞኛል ለማለት ነው። ለጉንፋን ይሆናል፣ በጠና ለታመመ ሰው ግን አይመጥንም። «ኪክ ዘ በኬት» ሞተ ማለት ቢሆንም ቀልድ አዘል ስለሆነ ለቅሶ ቤት በፍጹም እንዳትሉት! እንደኔ ከሆነ ጀማሪ ይሄን ሲሰማ ከገባው ይበቃዋል፣ ባይናገረው ይሻላል።

ቃላቱንም አትቀያይሩ። «ፒስ ኦፍ ኬክ» በጣም ቀላል ማለት ነው፤ ኬኩን በዳቦ ብትተኩት ግን ሰሚው ግራ ይጋባል። ግሡ ብቻ እንደ ጊዜው ይለወጣል፣ ትናንት ከሆነ «ስፒልድ» ትላላችሁ።

በሳምንት ሁለት ሦስት ያዙ፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ጻፉት። ለሥራ ማመልከቻ ግን ተራውን ቃል ተጠቀሙ።